ድንጋዩን ማን ተሸከመ?

ከዳተኛ ገጸ ባሕርይ አያናድደኝም። ክህደት ባይኖር ግማሹ ሥነ ጽሑፍ ባልተጻፈ ነበር። የሚያናድደኝ የተከዳው ነው። በተለይ ደግሞ ታሪኩ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው "በቃ፣ ያለፈው አልፏል" የሚለው።

ታውቁታላችሁ። ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሲያስለቅሰን ቆይቷል። ሰውየው ማንነቱን ደብቆ አግብቷታል፤ ወይም አብሮ አደግ ጓደኛዋ ከባሏ ጋር ስትማግጥ ከርማለች። ጉዱ ይወጣል። ታለቅሳለች። ሻንጣ ይዘጋል። ከዚያ ሰውየው አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ቆሞ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ዘወር ትላለች፣ ሙዚቃው ይለሰልሳል፣ ሮጣ ታቅፈዋለች። የተዋንያኑ ስም መውረድ ይጀምራል። እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ "ቆይ እንጂ፣ ቤቱስ? ብሩስ? እናቷን ያዋረደውስ?" እላለሁ።

እህቴ ቂመኛ ትለኛለች። "እሷ ይቅር ካለች አንተን ምን አገባህ?"

ክርክራችን የቆየ ነው። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ደግሞ ባሰበት። በእነዚያ ረጃጅም የቱርክ ድራማዎች ሰው ወንድሙን ያሳስራል፣ እህት የእህቷን እጮኛ ትነጥቃለች፣ አባት ልጁን ይክዳል። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቁርስ ይበላሉ። ያንን ቁርስ አይቼ ስንት ጊዜ ሪሞት እንዳነሳሁ!

የእህቴ ጥያቄ ግን መልስ ይገባዋል። እኔ ይቅርታን አልጠላም። የምጠላው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይቅር የሚለው ደራሲው ሆኖ ሳለ እሷ እንዳለች ተደርጎ ሲቀርብልኝ ነው። ደራሲው ሰርግ ያስፈልገዋል፤ ወይም ገጽ አልቆበታል፤ ወይም ለሚቀጥለው ክፍል ሁሉም ሰው አንድ ቤት ውስጥ እንዲኖርለት ይፈልጋል። ክፉውን የሚሠራው ተዋናይ ተወዳጅ ከሆነማ ነገሩ አለቀ፤ ማንም አያባርረውም። በዚህ ሁሉ መሀል የተበደለችውን ሴት የጠየቃት የለም።

ከማውቃቸው ሁሉ የባሰው ምሳሌ የሰነፍ ደራሲ ሥራ አይደለም። የሼክስፒር ነው። "ሁለቱ የቬሮና ጨዋዎች" ይባላል። ከመጀመሪያዎቹ ተውኔቶቹ አንዱ ነው፤ የታተመው ግን እሱ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1623 ነው። ቫለንታይንና ፕሮቲየስ የልብ ጓደኛሞች ናቸው። ፕሮቲየስ ጁልያ የምትባል ፍቅረኛ አለችው፤ ቀለበት ተለዋውጠዋል። ቫለንታይን ሚላኖ ሄዶ ከመስፍኑ ልጅ ከሲልቪያ ጋር ይዋደዳል። ፕሮቲየስ ተከትሎት ይመጣና ሲልቪያን ገና ሲያያት ጁልያንም ጓደኛውንም ይረሳል። ቫለንታይን ሲልቪያን ይዞ ሊኮበልል እንደሆነ አምኖ ሲነግረው፣ ሄዶ ለአባቷ ያሳብቅበታል። ቫለንታይን ከአገር ይባረርና ጫካ ገብቶ የሽፍቶች አለቃ ይሆናል። ጁልያ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ፍቅረኛዋን ፍለጋ ትመጣለች። ፕሮቲየስ አላወቃትም፤ አሽከሩ አድርጎ ይቀጥራታል። ይባስ ብሎ እሷው የሰጠችውን ቀለበት "ሂድና ለሲልቪያ አድርስልኝ" ብሎ ይልካታል።

በመጨረሻ ሲልቪያ ጫካ ውስጥ በሽፍቶች ትያዛለች፤ ፕሮቲየስ ያስጥላታል። አሁንም እምቢ ስትለው በጉልበት ሊደፍራት ይይዛታል። ተደብቆ ሲያይ የነበረው ቫለንታይን ብቅ ይላል።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ፕሮቲየስ አምስት መስመር ያህል ይናገራል። አፍሬያለሁ ይላል፤ ከልብ መጸጸት ለበደል ካሳ የሚሆን ከሆነ ይኸው ይላል። ቫለንታይንም ወዲያው፣ እንግዲያው ተከፍሎኛል ብሎ ይመልስለታል። ይህም አልበቃው ብሎ፣ ለወዳጅነታቸው ማሳያ፣ በሲልቪያ ላይ ያለኝን ሁሉ ሰጥቼሃለሁ ብሎ ይጨምርለታል። ከደቂቃ በፊት ሊደፍራት ለነበረው ሰው! ይህን መስመር ለማለዘብ ምሁራን ብዙ ደክመዋል። እኔ ግን በየትኛውም በኩል ባዞረው ያው ነው። ጁልያ ይህን ስትሰማ ተዝለፍልፋ ትወድቃለች፤ ማንነቷ ይታወቃል። ፕሮቲየስ ለካ የጁልያም መልክ አያንስም ብሎ ወደ እሷ ይመለሳል። እሷም ትቀበለዋለች። አንድ ድግስ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ደስታ ተብሎ ተውኔቱ ያልቃል።

ሲልቪያስ? ፕሮቲየስ ሲይዛት ፈጣሪዋን ጠርታ ትጮኻለች። ከዚያ በኋላ እስከ ፍጻሜው አንዲት ቃል አትናገርም። መድረኩ ላይ አለች፤ ስለ እሷ ይሰጣጣሉ፣ ይታረቃሉ፣ ሰርግ ይቆርጣሉ። በዚያን ሰዓት እሷ ምን ታድርግ የሚለው ለተውኔቱ አዘጋጆች እስከ ዛሬ ራስ ምታት ነው። ፕሮቲየስ ይቅርታ የጠየቀው ቫለንታይንን ነው። ሽማግሌ የተላከው የተሳሳተ ቤት ነው።

ሽማግሌ ካነሳሁ አይቀር፣ የእኛ አገር እርቅ በወጉ ሲሠራ ምን እንደሚመስል የገጠር ዘመድ ያለው ያውቀዋል። በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ደጅ ይቆማል። ሽማግሌዎቹ ይለምኑለታል። ተበዳይ ዝም ማለት ይችላል። መቆጣት ይችላል። "ሂዱና ሌላ ቀን ኑ" ማለትም ይችላል። በደሉ በሰው ፊት ይነገራል፤ እንዲህ አድርገኸኛል ይባላል። ነገሩ ደም ከሆነ ካሳ አለ፣ መሐላ አለ። "ይቅር ለእግዜር" የምትለዋ ቃል የምትመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ድንጋዩም የሚወርደው ያኔ ነው።

እኔን የሚገርመኝ የድንጋዩ ብልሃት ነው። ክብደት አለው። ተበዳዩ ዝም ባለ ቁጥር የሚደክመው ተሸካሚው ነው። ጊዜው ለተበዳይ ይሠራል። ድርሰት ውስጥ ግን ነገሩ ተገልብጦ አገኘዋለሁ። ጊዜ የሚያጥረው ለተበዳይዋ ነው። ቶሎ እሺ ካላለች ክፉ ትባላለች፤ ልቧ ደንዳና ነው ትባላለች።

ሴት ገጸ ባሕርይ ላይ ደግሞ ይብሳል። ወንዱ ሲከዳ ሽጉጥ ያስይዙታል፤ ሲበቀል እናጨበጭባለን። ሴቷ ስትከዳ እንባ ይሰጧታል። ደግ ሴት ናታ!

ከደጎቹ ሁሉ ደግ ዴዝዴሞና ናት። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን ወደ አማርኛ ስላመጣልን እንግዳችን አይደለችም። ባሏ ኦቴሎ በሐሰት ወሬ፣ በአንዲት መሐረብ ሰበብ፣ አልጋዋ ላይ አፍኖ ይገድላታል። ነፍሷ ሳትወጣ ኤሚሊያ ትደርስና ማን ነው ይህን ያደረገው ስትላት፣ ማንም አይደለም፣ እኔው ራሴ ነኝ፣ ለጌታዬ ሰላም በይልኝ ብላ ትሞታለች። የመጨረሻ ትንፋሿን ያዋለችው ለገዳይዋ ሽፋን ለመስጠት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያለቅሳል። የእኔ ዓይን የሚሄደው ወደ ኤሚሊያ ነው። ያንን የሐሰት ወሬ የነዛው የኢያጎ ሚስት ናት። መሐረቡን አንስታ ለባሏ የሰጠችው እሷ ናት፤ ለምን እንደፈለገው አላወቀችም። አሁን ሲገባት ማንንም ይቅር አትልም። ኦቴሎን ፊት ለፊት ታዋርደዋለች። ባሏን በሰው መሀል ታጋልጠዋለች። ዝም በይ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ ሲላት አልሄድም ትላለች። ወግቶ ይገድላታል። ሼክስፒር በዚህ ተውኔት ከ"ሁለቱ ጨዋዎች" ወዲህ ምን ያህል እንደበሰለ አያለሁ። ይቅር ባይዋን ብቻዋን አልተዋትም። የሚጮህላት ሰው አጠገቧ አቁሟል። ሲልቪያ ያጣችው ይህንኑ ነው።

"ድርሰት እኮ ነው፣ ምን አስጨነቀህ?" ለሚለኝ ሰው አንድ ነገር ላውራ። አንዲት የማውቃት ሴት ቤሩት ለዓመታት ሰው ቤት ሠርታ ብሯን ለወንድሟ ትልክ ነበር። ቦታ ተገዛ፣ መሠረት ወጣ፣ ቆርቆሮ ተመታ እያለ በስልክ ይነግራታል። ፎቶም ይልክላታል። ስትመለስ ቤቱ በእርግጥ አለ። ካርታው ግን በእሱና በሚስቱ ስም ነው። የእሷ ድርሻ ሳሎን ውስጥ የሚዘረጋ ፍራሽ ሆነ። ይህ ታሪክ ለእናንተ አዲስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ባሉበት ሰፈር ሁሉ ይወራል።

እኔን የከነከነኝ የወንድሟ ሥራ ብቻ አይደለም። የጎረቤቱ ችኮላ ነው። በተመለሰች በሳምንቷ ሰው ተሰብስቦ መጣ። ቡና ተፈላ። "ሥጋሽ አይደል እንዴ? ለእግዜር ብለሽ ተዪው" ተባለች። ማንም ካርታውን አላነሳም። ወንድሟን፣ ድንጋዩ ይቅርና፣ ከሶፋው ተነስ እንኳ ያለው የለም። እግሩን አነባብሮ ቡናውን ይጠጣል። እሷ "እሺ" አለች። ምን ትበል? ማደሪያዋ እዚያው ነው። ሽምግልናም እንዲህ ሲበላሽ ከአውሮፕላን ማረፊያው ፊልም አይለይም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን ተረት ሁላችንም እንናገራለን። እንዲያውም ከወጋው ቀድመን የምንረሳው እኛ መሀል ላይ የተቀመጥነው ሳንሆን አንቀርም። ሰፈሩ አሁን "ታርቀዋል" ይላል። እሷ በዓመቱ ተመልሳ ሄዳለች፤ ብሯን በራሷ ስም ባንክ ታስገባለች።

ወዲያው የተሰጠ ይቅርታ ሁሉ ውሸት ነው ግን አልልም። የቪክቶር ሁጎ ጳጳስ አለ። "ሌ ሚዜራብል" ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1862 በወጣው መጽሐፍ፣ ዣን ቫልዣን ከ19 ዓመት እስር ወጥቶ የሚያስጠጋው ሲያጣ ጳጳሱ ያስገባዋል፣ ያበላዋል፣ ያሳድረዋል። እሱ ሌሊት ተነስቶ የብሩን የገበታ ዕቃ ይዞ ይጠፋል። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ማለት ይኸው ነው፤ ራቱን የበላው በዚያው ዕቃ ነበር። ጠዋት ይዘውት ሲመጡ ጳጳሱ፣ መቅረዞቹንም ሰጥቼህ ነበር፣ ለምን ትተሃቸው ሄድክ ይለዋል። አንድ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። እኔም አምነዋለሁ።

የማምነው ሁጎ ስላልቸኮለ ነው። እዚህ ከመድረሳችን በፊት 14 ምዕራፍ ሙሉ ስለ ጳጳሱ አውርቶናል። ሰፊውን ቤቱን ለሆስፒታል ሲለቅና ደሞዙን ለድሆች ሲያከፋፍል አይተናል። ስለዚህ ይቅርታው ከዚህ ሰው እንጂ ከደራሲው ኪስ እንዳልወጣ እናውቃለን። የሰጠውም የራሱን ነው፤ የማንንም ሲልቪያ አልሰጠም። ቫልዣን ደግሞ ዋጋውን በቀሪው መጽሐፍ ሙሉ ሲከፍል ይኖራል። የእሱ ድንጋይ ከይቅርታው በኋላ መጣ እንጂ አልቀረም።

ከሁሉ በላይ ግን ይቅርታ እንዴት እንደሚተረክ ያየሁት በዮሴፍ ታሪክ ነው። ልቦለድ ነው እያልኩ አይደለም፤ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የእምነት ታሪክ ነው። የማወራው ስለ አተራረኩ ነው። ስብከት ላይ አሳጥረው ሲነግሩን ዮሴፍ ወንድሞቹን እንዳያቸው አቅፎ የሳማቸው ይመስለናል። ኦሪት ዘፍጥረትን ከፍታችሁ ከምዕራፍ 42 እስከ 45 ያለውን አንብቡ። በ20 ብር የሸጡት ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ግብጽ ይወርዳሉ። እሱ ያውቃቸዋል፤ እነሱ አያውቁትም። ሰላዮች ናችሁ ይላቸዋል። ሦስት ቀን ያስራቸዋል። ስምዖንን ዓይናቸው እያየ አሳስሮ ያስቀራል። የሚያነጋግራቸው በአስተርጓሚ ነውና፣ አይሰማንም ብለው ስለ ጥንቱ በደላቸው እርስ በርስ ሲናገሩ ይሰማል። ዞር ብሎ ያለቅሳል። ተመልሶ ሲመጣ ግን ማንነቱን አይነግራቸውም። ብንያምን አምጡ ይላል። ሲያመጡት ደግሞ የብር ጽዋውን ጆንያው ውስጥ አስደብቆ ሌባ ያሰኘዋል።

ጭካኔ ይመስላል። ዮሴፍ ግን ማወቅ የሚፈልገው ነገር አለ። አሁን ደግሞ ሌላው የእናቱ የራሔል ልጅ ባሪያ ሆኖ ሊቀር ነው፤ እንደ ድሮው ጥለውት ይሄዳሉ? መልሱ የመጣው ከይሁዳ ነው። ያን ጊዜ እንሽጠው ብሎ ሐሳብ ያቀረበው ራሱ ይሁዳ፣ በልጁ ፋንታ እኔ ባሪያ ሆኜ ልቅር አለ። ዮሴፍ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለም፤ ሰዎቹን አስወጥቶ ጮኾ ያለቀሰውና "እኔ ዮሴፍ ነኝ" ያለው እዚህ ጋ ነው።

በዚህም አላለቀም። ያዕቆብ ግብጽ ውስጥ 17 ዓመት ኖሮ ይሞታል። ምዕራፍ 50 ላይ ወንድሞቹ፣ አባታችን ከሞተ አሁን ይበቀለናል ብለው ይፈራሉ፤ መልእክት ይልኩበታል። 17 ዓመት አብረው በልተው ጠጥተው! ዮሴፍ ይህን ሲሰማ እንደገና ያለቅሳል። ይህን ዝርዝር የጻፈው ሰው የሰውን ልብ ያውቃል። ይቅር መባሉን ማመን ያቃተው ሰው በስንት ፊልማችን ላይ አይታችኋል?

ሼክስፒርም ወደ ማብቂያው አካባቢ ወደዚሁ ጉዳይ ተመልሷል። በ"የክረምት ተረት" ንጉሥ ሊዮንቲስ ሚስቱን ሄርማዮኒን በሐሰት ጠርጥሮ ያስራታል፣ አራስ ልጇን በረሃ ያስጥላታል። ትንሹ ወንድ ልጃቸው በዚህ ሰበብ ይሞታል። እሷም ሞታለች ይባላል። ንጉሡ 16 ዓመት በጸጸት ይኖራል። ሽማግሌዋ ፖሊና ናት፤ ምን ዓይነት ሽማግሌ! አትቸኩልም፣ አታለሳልስም፣ ቁስሉን እየነካካች ታስታውሰዋለች፤ ያለ አንቺ ፈቃድ አላገባም ብሎ እንዲምልላት ታደርጋለች። በመጨረሻ ሄርማዮኒ በሕይወት ትወጣለች። ባሏን ታቅፈዋለች። አንዲት ቃል ግን አትነግረውም። የተናገረችው ከበረሃ ተርፋ ለተገኘችው ሴት ልጇ ብቻ ነው፤ የቆየሁት አንቺን ለማየት ነው ትላታለች። ይህም ዝምታ ነው፤ ከሲልቪያ ዝምታ ጋር ግን አይገናኝም። ይህኛውን የመረጠችው ራሷ ናት። የሞተው ልጅም አልተነሳም።

ቶልስቶይ ደግሞ ቀላል ይቅርታን ሆን ብሎ ጽፎታል። "አና ካሬኒና" የሚጀምረው ስቲቫ ከልጆቹ የቀድሞ ፈረንሳዊት አስተማሪ ጋር ሲማግጥ ተይዞ ቤቱ በታመሰበት ሰዓት ነው። እህቱ አና ከፒተርስበርግ ትመጣለች፤ ሚስቱን ዶሊን ታባብላለች። ዶሊ ይቅር ትላለች። ሌላ ደራሲ ቢሆን እዚህ ጋ ዶሊን አሰናብቶ ወደ ዋናዋ አና ይሄድ ነበር። ቶልስቶይ እየተመለሰ ያያታል። ስቲቫ አልተለወጠም። ሴቱ ያው ነው፣ ዕዳው ያው ነው። የሚስቱን የግል ደን ለነጋዴ በርካሽ ይሸጣል፤ ጓደኛው ሌቪን በንዴት ይቃጠላል። እሷ የልጆቹን ልብስ እየጣፈች ጣሪያው በሚያፈስ የገጠር ቤት ትከርማለች።

ስምንት ክፍል ካለው መጽሐፍ ሰባተኛው ላይ፣ ስለ ስቲቫ ገንዘብ እጦት ሲያወራ ጣል ያደረጋት ግማሽ ዓረፍተ ነገር አለች። የደኑ ሁለት ሦስተኛ ገንዘብ ተበልቷል። ከቀሪውም አብዛኛውን ስቲቫ አስቀድሞ ተበድሮበታል። ነጋዴው ከዚህ በላይ አልሰጥም ብሏል፤ ምክንያቱም ዶሊ በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ንብረቱ የእኔ ነው ብላ፣ የመጨረሻውን ሦስተኛ ደረሰኝ አልፈርምም ብላለች። ቶልስቶይ ምንም አይጨምርም። ወደ ስቲቫ ችግር ይመለሳል። እኔ ግን ያቺ ቦታ ላይ ስደርስ ብቻዬን አጨብጭቤያለሁ።